ሸጋዎቹን ለመስማት ከሐዋሳ እስከ ከሚሴ

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። እኔና ባሌ ደጀኔ ግን ከሚሴን ሳናያት በዘፈን ብቻ ስንናፍቃት ኖረናል። አሁን ሄደን አይተናት ተመልሰናል። ከተመለስን ወዲህ ሐዋሳ ሰፈራችን ውስጥ የሚያገኘኝ ሁሉ «እዚያ ዘመድ አላችሁ እንዴ?» ይለኛል። ስንሄድ አልነበረንም፤ አሁን ግን አሉን። ወደዚያ የሚያስኬደው ጉዳይ ለሌለው ሰው ይሆነው ዘንድ መንገዱን፣ ምግቡንና ሰዉን እንዳየሁት ልጻፈው። ስሜ ትዕግሥት ነው፤ ስሙን እንጂ ጠባዩን አልሰጡኝምና የምቸኩልበት ቦታ ቢኖር እናንተ ታገሡኝ።

የሄድነው ኮንሰርት ልንገባ ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ጉልበቱን ቅባት እየተቀባ ዘፈን ለመስማት የሁለት ቀን መንገድ ሲጓዝ ያስቃል፤ ልጃችንም ስቃብናለች። ሸጋዎቹ የሚባሉት እኛ ወጣት ሳለን በካሴት የገነኑ የከሚሴ ልጆች ናቸው። በአማርኛ የጀመሩትን ዘፈን በኦሮምኛ ይጨርሱታል፤ እኛ ደግሞ የገባንንም ያልገባንንም እኩል በቃላችን እንወጣዋለን። ደጀኔ ያን ጊዜ የአጎቱ ወፍጮ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። ቴፑ ከሞተሩ በላይ እንዲሰማ ድምፁን እስከ መጨረሻው ይለቀዋል። በቆሎ ላስፈጭ ሄጄ ወረፋዬን ለሌላ ሰው እየሰጠሁ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ስቆም ያየኝ እሱ ነው። ትዳራችን የተጀመረው እዚያው ዱቄት ውስጥ ነው። ሸጋዎቹ አንድ ጊዜ ሐዋሳ መጥተው ነበር፤ የዚያን ዕለት የወፍጮው ሞተር ተቃጠለና ደጀኔ እጁን ግሪስ ተለቅልቆ ዋለ። ከዚያ በኋላ ባንዱ ተበተነ።

ወፍጮው እንጀራ ሰጠን፣ የደጀኔን ጆሮ ግን ወሰደ። ግራው ከጠፋ ቆይቷል፤ ቀኙም እየሄደ ነው። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ቁልቁል የሚወርድ መስመር አስምሮ አሳየንና «መስማት የምትፈልገው ነገር ካለ አሁን ስማው» አለው። ከሐኪም ቤት ወጥተን በእግራችን እስከ ሐይቁ ዳር ወረድን። እዚያ ደጀኔ «ሸጋዎቹን በአካል ሳልሰማቸው…» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። እኔም አላስጨረስኩትም። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ሸጋዎቹ ተሰባስበው በትውልድ ከተማቸው ሊጫወቱ ነው የሚል ማስታወቂያ ልጃችን ስልኳ ላይ አሳየችን። የዚያኑ ቀን ሻንጣ አወረድኩ።

ደጀኔ አንድ ነገር አስማለኝ። ጆሮው እንደማይሰማ ለማንም ትንፍሽ እንዳልል። «ደንቆሮ እየተባልኩ መዞር አልችልም» አለ። ማልኩለት።

ረቡዕ

ከሐዋሳ ማለዳ ወጣን። እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ብዙ ሰው ስለሚያውቀው በእሱ አላደክማችሁም። ደጀኔ ቀኝ ጆሮው ወደ እኔ እንዲሆን በግራ መስኮት በኩል ተቀመጠ። ይህ የቤታችን ሥርዓት ነው፤ በአልጋም በገበታም በመንገድም እኔ በቀኙ ነኝ። የሚያየን ሰው ፍቅር ይመስለዋል። ፍቅርም ነው።

የጆሮ መስሚያ ገዝተንለታል። ችግሩ ሰውንና ኮተትን አይለይም፤ የሚያናግረውን ሰው፣ የማንኪያውን ኳኳታና የመኪናውን ጡሩምባ እኩል አንስቶ ጆሮው ውስጥ ይደፋዋል። ሲብስበት ደግሞ ራሱ ያፏጫል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው ኪሱ ውስጥ ነው።

ያደርነው ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ነው። ክፍሉ ውሃ የለውም፤ ከግድግዳው ማዶ ደግሞ ጭፈራ ቤት አለ። እኔ ስገላበጥ ደጀኔ የሚሰማውን ጆሮውን ትራሱ ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን ተኛ። ጠዋት ተነሥቶ «ጸጥ ያለ ደስ የሚል ቤት ነው» አለኝ። ለጥቂት ነው ያልቆነጠጥኩት።

ሐሙስ

ወደ ከሚሴ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ፀሐይዋ ከፍ አለች። ደብረ ብርሃን ላይ ለሻይ ስንወርድ ብርዱ አጥንት ይሰረስራል። እኛ ሐዋሳ ሹራብ የምንለብሰው ለጌጥ ነው፤ እዚያ ግን ለነፍስ ነው። ጣርማ በር ላይ ዋሻውን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ደግሞ በየከተማው አንድ አንድ ልብስ እያወለቅን ሄድን። ደብረ ሲና ቆሎ ገዛን። ሸዋ ሮቢት ሳንደርስ እኔ በአንድ ሸሚዝ ቀርቻለሁ፤ ላቡ ግን አልቀረልኝም።

ጎማው የፈነዳው እዚያ አካባቢ ነው። ትርፍ ጎማው ራሱ ነፋስ አልነበረውምና ረዳቱ ተሸክሞት ወደ ከተማ ሄደ፤ እኛ አንድ ግራር ሥር ተሰበሰብን። ሐዋሳ ቢሆን እያንዳንዱ ተሳፋሪ ስልኩን አውጥቶ ለየዘመዱ ሹፌሩን ያማ ነበር። እነዚህ ግን ነጠላቸውን አንጥፈው ቁጭ አሉና ያላቸውን ማውጣት ጀመሩ። አዲስ አበባ ልጇን ጠይቃ የምትመለስ ዘሐራ የምትባል የእኔ እኩያ ሴት ሙዝና ዳቦ አቀረበችልን። እየበላን የት እንደምንሄድ፣ ምን ልናደርግ እንደምንሄድ፣ የት እንደምናርፍ ጠየቀችን። ሆቴል ስላት ሙዙን አስቀመጠችው።

«የኔ እህት፣ ሸጋዎቹን ልትሰሙ ከሐዋሳ መጥታችሁ ሆቴል ታድራላችሁ? ሐጂ ቢሰማ ምን ይለኛል? ወላሂ አይሆንም።»

ሐጂ የምትለው ባሏን ነው። አመሰግናለሁ፣ አንቸግርም፣ ሆቴሉን ተናግረናል አልኩ። እሷ ግን ለደጀኔ ሁለተኛ ሙዝ ላጠችለት። እሱ ከምንለው ነገር ግማሹን እንኳ ሳይሰማ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀላት። በዚያ ጉዳዩ አለቀ።

አጣዬ ስንደርስ መኪናው ውስጥ የነበረው ወሬ ቆመ። የተቃጠሉ ቤቶች ግድግዳ አለ፤ አጠገቡ አዲስ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። የዘሐራ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ዱዓ እያደረገች ነበር። እኔም አማተብኩ። አጣዬን አልፈን የጨፋ ሜዳ እስኪገለጥ ማንም ጮክ ብሎ አላወራም። ሜዳው አረንጓዴ ነው፤ ከብቱ በየቦታው ተበትኖ ይግጣል፣ ቦርከና ወንዝ ሣሩ መሃል እየታየ ይጠፋል። ይህን ወንዝ እኔ በዘፈን ነው የማውቀው። ደጀኔን በክርኔ ጎሰም አደረግሁትና በጣቴ አሳየሁት። «ይሄ ነው?» አለኝ። ነው አልኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ።

ከሚሴ ከተማው መንገዱ ነው። ወደ ደሴ የሚሄደው አስፋልት መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ሱቁም መሥሪያ ቤቱም ገበያውም በግራና በቀኝ ተሰልፏል። ባጃጁ እንደ እኛው ነው፤ ልዩነቱ የእኛ ሹፌሮች እግረኛ ሲያዩ ጡሩምባ ይነፋሉ፣ የዚህ ሹፌር ግን ቆሞ ሰላም ይላል። ከመናኸሪያው እስከ ዘሐራ ቤት ስንት ሰው ቤተሰቡ እንደተጠየቀ እኔ አላውቅም፤ በእግር ብንሄድ እንቀድመው ነበር።

ሐጂ ሰይድ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። በዕድሜ ከዘሐራ ገፋ ያሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው። በሩ ላይ ቆመው ለጎረቤታቸው በኦሮምኛ ሲናገሩ የጀመሩትን ለእኛ በአማርኛ ጨረሱት፤ ልክ እንደ ሸጋዎቹ ዘፈን። «በጋ ነጋን ዱፍተን፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ፤ አብሽሩ፣ ቤታችሁ ነው» አሉን። አብሽሩ ማለት አይዟችሁ፣ ደስ ይበላችሁ ማለት ነው። ወሎ ውስጥ ይህን ቃል ሳይሰሙ መዋል አይቻልም።

ለእኛ ብለው ፍየል ገዙ። ራሳቸው ግን አላረዱትም፤ ክርስቲያን ጎረቤታቸውን አስጠርተው አሳረዱት። ወጡም ለክርስቲያን እንግዳ ብቻ ተብሎ በሚቀመጥ ድስት ተሠራ። ዕቃው ተለይቶ፣ ታጥቦ፣ ከነክዳኑ ይቀመጣል፤ ይመጣል ብለው ያሰቡት ሰው ባይኖርም። እኛ ሥጋውን ስንበላ እነሱ ከአጠገባችን ቁጭ ብለው የማሽላ እንጀራ በእርጎ በሉ። ዘሐራ «ነገ አርብ ነው፣ ትጾማላችሁ፤ ዛሬ ብሉ» እያለች ታጎርሰኛለች። እኔ ሐዋሳ ውስጥ ጾሙን የማስታውሰው ሥጋ ቤቱ ጭር ሲል ነው። እዚህ እስላም አስታወሰችኝ፤ አፍሬ በላሁ።

አርብ

ጠዋት ከደጀኔ ጋር ኮንሰርቱ የሚካሄድበትን አዳራሽ ልናይ ሄድን። ግቢው ውስጥ መድረክ ተሠርቷል፣ ድንኳን ተጥሏል፣ ወንበሩ ተደርድሯል። ከመድረኩ ግራና ቀኝ የሰው ቁመት የሚያክሉ ድምፅ ማጉያዎች ተደራርበዋል። ደጀኔ ወደ አንዱ ተጠግቶ በመዳፉ ዳሰሰው። ከዚያ ዘወር ብሎ ራቅ ብሎ የት ብንቀመጥ እንደሚሻል መለካት ጀመረ፤ ከፊት ረድፍ፣ ቀኝ ጆሮው ወደ ማጉያው። ወጣቶቹ አስተናጋጆች ሲስቁበት እሱም ሳቀ። ለዓመታት እንደዚያ ሲደሰት አላየሁትም።

ልንወጣ ስንል ከመስጊዱ ድምፅ መጣ። የሶላት ጥሪ አልነበረም፤ ስም ነው የተጠራው። ወጣቶቹ ቆሙ። ከአዳራሹ አጥር ጀርባ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ማረፋቸውን ነበር የሚናገረው። አስተባባሪው ልጅ የድምፅ ማጉያውን ገመድ መንቀል ጀመረ። ቀጥሎ ድንኳኑ ወረደ። ወንበሮቹ ተደራርበው በሰው ራስ ላይ ከግቢው ወጡ። ኮንሰርቱ ተከራይቶት የነበረው ዕቃ ሁሉ አጥሩን ዞሮ ለቅሶ ቤት ገባ፤ ለነገ የተሰናዳው ሁሉ ከዓይናችን ሥር ፈረሰ።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ ጢሙ የሸበተ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነበር። ብዙ ወንበር ስለደራረበ አንገቱ ወደ ትከሻው ገብቷል። በአጠገቤ ሲያልፍ ፊቱን አየሁት፤ በካሴቱ ሽፋን ላይ ለዓመታት ያየሁት ፊት ነው። የሸጋዎቹ ዘፋኝ እንድሪስ ነበር። ስሙን ልጠራ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ለደጀኔም አልነገርኩትም፤ ኮንሰርቱ በቀረበት ሰዓት ዘፋኙን ማሳየት ጭካኔ መሰለኝ።

ቤት ስንመለስ ለዘሐራ ቅሬታዬን ሳልደብቅ አወረድኩት። በእኛ ከተማ፣ አልኳት፣ የሰርግ ድንኳንና የለቅሶ ድንኳን አንድ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ይተከላል፤ ባለሰርጉ ቴፑን ትንሽ ቀነስ ያደርጋል፣ በቃ። ሰው በየቀኑ ይሞታል፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ግን በየቀኑ አይመጣም። ዘሐራ እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ትዕግሥትዬ፣ ሰውየው የአዳራሹ ጎረቤት ናቸው። ልጆቻቸው እያለቀሱ ማይክ ይከፈታል? ሦስት ቀን ሳይሞላ ከዚህ ከተማ ውስጥ ዘፈን አትሰሚም። እንድሪስም ቢለምኑት አይዘፍንም።»

ሦስቱ ቀን እስኪሞላ ደግሞ አንዳንዶቹ ሙዚቀኞች ወደየሥራቸው ይመለሳሉ። አንዱ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ አንዱ ሸቀጥ የሚያመላልስ ሹፌር ነው፤ ቅዳሜና እሑድን ብቻ ነው ያገኙት። እንደገና መቼ እንደሚሰባሰቡ የሚያውቅ የለም። ሲሰባሰቡ ደግሞ የደጀኔ ጆሮ ይጠብቃቸው እንደሆነ እኔም ሐኪሙም አናውቅም። ይህን ለዘሐራ ልነግራት አልቻልኩም። ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ደጀኔ ግን አልተናደደም። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከሐጂ ሰይድ ጋር ቀብር ሄደ። ሲመለስ እጁና ጫማው አፈር ነው። ከአንድ መነጽር ካደረገ ሰው ጋር አፈር እየተቀባበሉ ሲመልሱ እንደነበር ነገረኝ። ሰውየው አንድ ሁለት ጊዜ እንዳናገረው፣ እሱም ምን እንዳለው ሳይሰማ አዎ አዎ እንዳለው ጨመረልኝ። ያኔ አላስቻለኝም፤ ሰውየው እንድሪስ መሆኑን ነገርኩት። ደጀኔ እጁን አየ። ሳይታጠበው ብዙ ቆየ።

ቅዳሜ

ሐጂ ሰይድ ከለቅሶ ቤት የተመለሱት ረፋድ ላይ ነው። እዚያ የተባለውን እሳቸው እንደነገሩን ነው የምጽፈው። ሸጋዎቹ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ተቀምጠው ሳለ ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከአዲስ አበባም እንግዳ መጥቶ ሳይሰማ እንደቀረ ተነሥቷል፤ ከሐዋሳ የመጡ ባልና ሚስት እንዳሉም ሐጂ ተናግረዋል። ከሚሴ እንግዳ አስከፍታ መሸኘት አለመደችምና ሽማግሌዎቹ ተጨነቁ። በመጨረሻ የሟቹ ትልቁ ልጅ ራሱ ተነሣ። እንግዳ ተከፍቶ ከተመለሰ ለአባቴም አይቀልለውም፣ ተጫወቱላቸው አለ።

ግን ለዚህም ሥርዓት ወጣለት። የከተማው ሰው አይመጣም፤ ከሩቅ ለመጡት ብቻ ነው። ቦታው ከለቅሶ ቤቱ በከተማው ሌላ ጫፍ ያለው የሐጂ ሰይድ ግቢ ነው። ዘፈኑ በቀን ይሆናል፣ ዐስር ለሚባለው የከሰዓት በኋላ ሶላት ያበቃል፣ ጭብጨባና እልልታ የለም። ማይክና ድምፅ ማጉያ ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብም፤ ድምፁ ከአጥሩ አይወጣም።

ሐጂ ይህን ሲነግሩን ፊታቸው በርቶ ነበር፤ ዘሐራም አቀፈችኝ። እኔ አመሰገንኳቸው፣ ውስጤ ግን ቀዘቀዘ። ያለ ማጉያ የተዘፈነ ዘፈን ለደጀኔ አፍ መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው። ቀኝ ጆሮው ላይ ተጠግቼ ሁሉንም አስረዳሁት። «ከፊት እቀመጣለሁ» አለ።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር ምንጣፍ ተነጠፈ። እንግዶቹ የእኛው እኩዮች ናቸው። ምንጣፉ ላይ ለመቀመጥ አንዱ ሌላውን እየደገፈ ወረደ፤ አንዲት የደሴ ሴት በጉልበቷ ምክንያት በርጩማ ለመነች። ሸጋዎቹ ሲገቡ ማንም አላጨበጨበም፤ ሁሉም ተነሥቶ ቆመ። ጊታሪስቱ ቦርጭ አውጥቷል፣ ጊታሩ ከሆዱ ላይ ተኝቷል። ድራመኛው ድራሙን ስለከለከሉት ከለቅሶ ቤት የተረፈ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ገልብጦ በጣቱ ጫፍ ይመታዋል። ሳክስፎኒስቱ ድምፁ ከአጥር የሚወጣ መሣሪያ ስለሆነ ሣጥኑን ሳይከፍት ጭኑ ላይ አቅፎ ተቀመጠ፤ የሱ ቦታ ሲደርስ ጣቶቹን ሣጥኑ ላይ ያንቀሳቅሳል። እንዲህ ዓይነት ኮንሰርት ዳግመኛ የማይ አይመስለኝም።

እንድሪስ ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመረ። የመጀመሪያው ዘፈን ሲወጣ ግቢው በሙሉ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያለ ድምፅ አብሮ ዘፈነ። እኔ ወጣትነቴን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ነጭ ዱቄት የለበሰውን ደጀኔን አየሁ። ደስታውም ኀዘኑም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ከዚያ ዞሬ ባሌን አየሁት።

መስሚያውን አድርጎ ነበር፤ መፏጨት ሲጀምር አጠገቡ ያለው ሰው ዞር አለ። አውልቆ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ሰው ሁሉ ፈገግ ሲል ፈገግ ይላል፣ ሰው ራሱን ሲነቀንቅ እሱም ይነቀንቃል፤ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ዘግይቶ። ዓይኑ የእንድሪስ ከንፈር ላይ ተተክሏል። ሁለተኛው ዘፈን እንዲሁ አለፈ። ሦስተኛው ሲጀመር እኔን አየኝና ደስ እንዲለኝ ብሎ ሳቀ። እዚያ ላይ መሐላዬ አለቀ።

ተነሥቼ ከኋላ ለቆመችው ለዘሐራ በጆሮዋ ነገርኳት። ጆሮው ሊጠፋ መሆኑን፣ የመጣነውም ለዚሁ መሆኑን። ዘሐራ «ሱብሃነላህ» አለች። ምንጣፉን አቋርጣ ሄዳ ለእንድሪስ ጎንበስ ብላ ተናገረች። ዘፈኑ መሃል ላይ ቆመ። እንድሪስ መነጽሩን አውልቆ ደጀኔን አየው። ትናንት አፈር የተቀባበሉት ሰው መሆኑን ያን ጊዜ ያወቀው ይመስለኛል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እህቴ፣ የትኛውን ነው የሚወደው?»

ቦርከና እስኪጎድልለት ዳር ላይ ቆሞ ስለሚጠብቀው ሰው የሚያወራውን አልኩት። ደጀኔ መናገሬን ከሰዉ ፊት አነበበ። ፊቱ ቀላ። ሊነሣ ሲል እንድሪስ መጥቶ አጠገቡ ተንበረከከ፣ በአንድ እጁ ትከሻውን ያዘው፣ ሌላውን መዳፉን አፉና የደጀኔ ቀኝ ጆሮ መሃል አጠፈው። እነሱ ዘንድ ልጅ ሲወለድ አባት እንዲህ ጎንበስ ብሎ አዛን፣ የሶላቱን ጥሪ፣ በጆሮው ያሰማዋል፤ ዘሐራ ናት በኋላ የነገረችኝ። እንድሪስም ዘፈኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የአማርኛውንም የኦሮምኛውንም፣ በዚያ መዳፍ ውስጥ ዘፈነው።

እኛ አልሰማነውም። ጊታሪስቱ ብቻ ቀስ ብሎ ይነካካል። ከደሴ የመጣችው፣ ከአዲስ አበባ የመጡት፣ ለዚህ ዘፈን ብለው ያን ሁሉ መንገድ የተጓዙት ሁሉ የአንድ ሰው ትከሻ ሲንቀሳቀስ እያዩ ተቀመጡ። ያጉረመረመ የለም። ደጀኔ መጀመሪያ ደርቆ ነበር። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይዘገይ።

ትንሽ ቆይቶ የዐስር አዛን ተሰማ። ሸጋዎቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ወደ ለቅሶ ቤት ተመለሱ።

እሑድ

ዘሐራ ለመንገድ ሙዝና የተቆላ ሽምብራ ቋጠረችልን። ሐጂ ሰይድ መናኸሪያ ድረስ ሸኙን፤ የእንግዳው ድስት ታጥቦ ሳይደርቅ ተመለሱ አሉን። መኪናው ሲነሣ እጃቸውን ከፍተው መረቁን።

ደጀኔ አላናገረኝም። ከትናንት ጀምሮ አኩርፎኛል፤ ከሰው ጋር እየሳቀ ይበላል፣ ወደ እኔ ግን አይዞርም። አጣዬን አለፍን፣ ሰንበቴን አለፍን። መሐላ ማፍረሴን አውቃለሁ፤ ይቅርታ ግን አልጠይቅም ብዬ እኔም በመስኮት አየሁ። ሸዋ ሮቢት ላይ ሰው ማንጎ ሲገዛ እሱ አልወረደም። ዳገቱን ስንጀምር ወደ እኔ ዞረ። የራሱን ድምፅ ስለማይሰማው ጮክ ብሎ ነበር የሚናገረው።

«ካሴቱ ላይ ያለው ልጅ ነበር» አለ። «እኔ የሰማሁት እኩያዬን ነው። ትንፋሽ ያጥረዋል። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ መውጣት ሲያቅተው በወሬ አለፈው። ምራቁን ሲውጥ ሁሉ ሰማሁት።»

አዘንክ ወይ ብዬ በቀኝ ጆሮው ጠየቅኩት። እጄን ያዘውና ምን ያሳዝነኛል አለኝ፤ ይህን ደግሞ ከበፊቱ ይበልጥ ጮኾ። መኪናው ውስጥ ያለ ሰው ዞረ። ከፊታችን የተቀመጠው ወጣት መተኛት ፈልጎ ኖሮ ቀና ብሎ ጠላቱን እንደሚያይ አየው። እኔ ቶሎ ብዬ ምክንያት ልፈጥርለት አፌን ስከፍት ደጀኔ ቀደመኝ። ወደ ልጁ ጠጋ ብሎ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ጆሮዬ እየሄደ ነው፤ ስጮህ ንገረኝ» አለው። «ሸጋዎቹን ግን ሰምቻቸዋለሁ።»